መዶሻ ይዞ በር የሚከፍት አባት

በፊልሞቻችን ውስጥ ወንድ ጓዳ ከገባ ሽንኩርቱ ማረሩ አይቀርም። እኔ ሳያርር ያለፈበት ፊልም አላየሁም። ሰውየው ሚስቱ የሌለችበትን ቀን ይጠብቅና ሽርጥ ያስራል፣ ድስት ይጥዳል፣ ስልክ ይደወልለታል፣ ከዚያ ጭስ ነው። ሚስት ትመጣለች፣ አፏን ይዛ ትስቃለች፣ አዳራሹም አብሯት ይስቃል። ይሄ ካልሆነ ደግሞ ሁለተኛው ወንድ አለ፤ ሶፋ ላይ ተንሰራፍቶ ሪሞት የማይለቀው፣ የመኪና ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ የሚወረውረው፣ ሲናደድ መስኮት ጋ ሄዶ ጀርባውን የሚያሳየን። ሌላ ዓይነት ወንድ የለም። ሁለቱም የሚኖሩት ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ ግቢ ውስጥ ነው፤ የሀብታሙን ቪላ ሱሉልታ ይቀርጹታል፣ የመካከለኛውን ቤት ቡራዩ፣ የባላገሩን ዘመድ ደግሞ ሰበታ። እኔ የመካከለኛው ቤት ልጅ ነኝ። አንዱ ፊልም የተቀረጸው እኛ ግቢ ስለሆነ የምናገረውን አውቃለሁ፤ ንዴቴም ገና አልበረደም።

አባቴ ሽንኩርት አሳርሮ አያውቅም። ሥራው በር መበየድ ነበር። ቡራዩ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ቢገቡ ከሚያዩዋቸው የግቢ በሮች ብዙዎቹ የእሱ እጅ ያረፈባቸው ናቸው። የሚሠራው እዚያው እኛ ግቢ፣ ከበሩ አጠገብ በቆርቆሮ በተከለለች ጥግ ውስጥ ነበር። እናቴ ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራ ነበር። ሰማዩ ሳይገላለጥ ወጥታ አስኮ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ ቀኑን ሙሉ የበሽተኛ አንሶላ ስታጥብ ትውልና አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። “የአገሩን አንሶላ ስታጥቢ ውለሽ ደግሞ የእኔን ካልሲ ልታጥቢ ነው?” ይላት ነበር አባቴ። ስለዚህ የቤቱን ልብስ የሚያጥበው እሱ ነው። ወጡን የሚሠራው እሱ ነው። የእኔን፣ የአንድ ልጁን፣ ጸጉር የሚሠራውም እሱ ነው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ የሚሆነው የግቢው በር ተቀርቅሮ ነበር። አባቴ ደፋር ሰው አይደለም፤ ጎረቤት ምን ይለኛል የሚለው ነገር ያስጨንቀዋል። ሳፋውን ከማውጣቱ በፊት ራሱ የበየደውን ወፍራም መቀርቀሪያ ይዘጋል። በር ከተንኳኳ እጁን በሱሪው ይጠርግና ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ቱታ በላዩ ያጠልቃል፤ መዶሻውን ያነሳል፤ ያገኘውን ብረት ጎን አንዴ ቀጭ አድርጎ ይመታል። ከዚያ “መጣሁ፣ መጣሁ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው” እያለ ይከፍታል። ክርኑ ላይ የቀረውን የሳሙና አረፋ ደንበኛው አያየውም። እኔ ግን አየዋለሁ፤ ሳቄን ለመያዝ ወደ ጓዳ እሮጣለሁ።

ልብሱን እሱ ያጥባል እንጂ አያሰጣም። የልብስ ማስጫው ገመድ ከጎረቤታችን ፎቅ በረንዳ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያላ። የማስጣቱ ሥራ የእኔና የእናቴ ነው። ቁጭ ብለን ተነጋግረንበት አናውቅም፤ ግን ሦስታችንም የየድርሻችንን እናውቅ ነበር።

ጸጉሬን የሚሠራኝ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እሱ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ከጉልበቶቹ መሃል ትራስ ላይ። ያደገው ሆለታ አካባቢ ገበሬ ቤት፣ ከእህቶቹ መሃል ብቻውን ወንድ ሆኖ ነው። እህቶቹ ሹሩባ የተለማመዱት በእሱ ጭንቅላት ላይ ነው ይባላል፤ እሱም ብድሩን ሲመልስ ተማረ። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆርጥ የሚውል እጅ ስለሆነ ጣቶቹ ይሻክራሉ፤ ግን አሳምሞኝ አያውቅም። በሚዶው መስመር ሲያወጣ ትንፋሹን ይይዛል፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲወጣለት ያን የያዘውን ትንፋሽ አናቴ ላይ ይለቀዋል። “አስተምረኝ” ስለው “ትልቅ ስትሆኚ አስተምርሻለሁ፤ አሁን ጭንቅላትሽን አታንቀሳቅሺ” ይለኛል። ትምህርት ቤት “ማናት የሠራችሽ?” ሲሉኝ “አክስቴ” እላለሁ። ውሸቱ ቅር አሰኝቶኝ አያውቅም። ሌላ ሰው የማያውቀው፣ በር ሲዘጋ ብቻ የሚገኝ አባት ነበረኝ። በዓለም ላይ ከእኔ የሚበልጥ የታደለ ልጅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

የፊልም ሰዎቹ የመጡት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መጀመሪያ የመጣው ዳይሬክተሩ ብቻውን ነበር፤ ድርሰቱንም የጻፈው እሱ ነው። ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰው ሲናገር አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚሰማ ወጣት። “ሰው የሚኖርበት የሚመስል” ቤት ይፈልግ ነበርና በራችንን አንኳኳ። አባቴም እንደ ልማዱ ቱታውን አጥልቆ፣ ብረቱን ቀጭ አድርጎ፣ መዶሻውን ይዞ ከፈተለት። ልጁ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ አየት አደረገውና ፈገግ አለ።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ክርንዎ ላይ ሳሙና አለ።”

ያንን አረፋ ከቤተሰባችን ውጭ ያየ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አባቴ ክርኑን አየ፣ መዶሻውን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። ልጁም ሳቀ። አብረው ሲስቁ እኔ የጓዳው በር ላይ ቆሜ ደስ አለኝ።

“እኔ የምሠራው ፊልም ስለዚህ ነው” አለው ልጁ።

“ስለ ሳሙና?”

“ስለ እንደርስዎ ዓይነት አባት። አገራችን ውስጥ እኮ ሞልተዋል፤ ስክሪን ላይ ግን አንድም የለም።”

ይህችን ንግግር ቃል በቃል አስታውሳታለሁ። እናቴ ማታ ስትመለስ አባቴ ደጋግሞ ነገራት። “እንደርስዎ ዓይነት አለኝ” ይላል፣ የሽሮውን ድስት እያማሰለ፣ ፊቱ በርቶ። እናቴ “እኛን የሚመስል ፊልም መጣልን በለኛ” ብላ ሳቀች። ቤቱንም ሰጠናቸው።

ቀረጻው በሰነበተበት ጊዜ አባቴ ቤታችን ውስጥ ያላየሁትን ነገር አደረገ፤ ባዕድ ሰው ፊት አጠበ። በሩ ለመንገዱ ይዘጋል፤ እነሱ ግን ከውስጥ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ያውቃሉ። ሳፋውን አውጥቶ መብራት ከሚያበሩትና ገመድ ከሚጎትቱት መሃል ቁጭ ብሎ ሲያሽ ዋለ። ምሳ ሠራላቸው። የእጁን ሽሮ በልተው ጣታቸውን ላሱ። ቅዳሜ ከሰዓት ጸጉሬን ሲሠራኝ ዳይሬክተሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠይቀው አመሸ፤ ሚዶውን እንዴት እንደሚይዝ፣ እጁ ላይ የቀረውን ቅባት በምን እንደሚጠርግ፣ ልብሱን ማን እንደሚያሰጣ፣ ለምን እንደሆነ። በስልኩ ቀረጸንም። “ለተዋናዩ ላሳየው ነው፤ ውሸት እንዳይመስልበት” አለ። አባቴ ሁሉንም ነገረው። ሲናገር ከመቼውም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር።

ቀረጻው ሊያልቅ ሲል የዋናውን ባለታሪክ የሚስት አባት ሆኖ የሚጫወተው ሽማግሌ ተዋናይ ታመመና ቀረ። ዳይሬክተሩ ግቢውን ሲዞር ቆይቶ አባቴ ላይ ዓይኑ አረፈ።

“ጋሼ፣ እርስዎ ይሥሩልና። አጭር ናት።”

አባቴ አልፈልግም፣ አላውቅበትም አለ፤ ሦስታችንም መፈለጉን እያየን። ከድርሰቱ የተነገረው የራሱ ትዕይንት ብቻ ነው። ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አንዲት ልጅ በጆግ እጁን ታስታጥበዋለች፤ እሱ ደግሞ እፊቱ ለቆመው ለአማቹ “በዚህ ቤት ወንድ እኔ ነኝ” ይለዋል። አባቴ ይህን ሲነግሩት ግንባሩን ቋጠረ።

“ይሄ ሰውዬ ክፉ ነው እንዴ?”

“መጨረሻ ላይ የሚለወጥ ነው፣ ጋሼ።”

“ከተለወጠስ ይሁን።”

አስታጣቢዋ እኔ ሆንኩ። ከእኔ የሚታየው እጄ ብቻ ስለሆነ ልብስም አልቀየሩልኝም። ካሜራው ተነሳ፣ ውሃውን አፈሰስኩለት፣ አባቴም እጁን ታጥቦ ሲጨርስ “ተባረኪ ልጄ” አለና ጆጉን ከእጄ ተቀበለኝ። ቤታችን ውስጥ አስታጣቢው እሱ ነዋ። ዳይሬክተሩ “ከት!” አለ። ተደገመ። አባቴ አሁንም “ተባረኪ” አለ። ደግመው ቀረጹት። “ጋሼ፣ አያመስግኗት፤ እንደውም አይዩዋት” ይለዋል ልጁ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። አባቴ ይስቃል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ደግሞ ይሳሳታል። ክንዴ እስኪዝል ድረስ ደጋገምነው። በመጨረሻ ሳያየኝ ታጥቦ፣ ሳያመሰግነኝ እጁን አራግፎ፣ ያቺን ንግግር ተናገራት። ሁሉም አጨበጨቡለት። እኔም ጆጉን መሬት ላይ አስቀምጬ አጨበጨብኩ።

ፊልሙ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተጋብዘን ሄድን። አባቴ ሱፉን ለበሰ፣ እናቴ ፈረቃ ተቀያየረች፣ እኔ ደግሞ ለዚያ ቀን ተብሎ የተሠራ ቀጭን ሹሩባ ነበረኝ። መብራቱ ሲጠፋ እናቴ እጄን ያዘችኝ። የእኛ በር ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ጨበጥ አደረገችኝ።

ከዚያ ወጣቱ አማች ብቅ አለ። በሩን ቀረቀረ። ሳፋውን አወጣ። በሩ ሲንኳኳ ደንግጦ ተነሳና ቱታ አጠለቀ፤ ግን ገልብጦ ነው ያጠለቀው። መዶሻውን ሲያነሳ እግሩ ላይ ጣለው። ሲከፍት ካሜራው ቀስ ብሎ ክርኑ ላይ ወዳለው አረፋ ቀረበ፤ አረፋው ብቻውን ያን ትልቅ ስክሪን እስኪሞላው ድረስ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከእኛ ፊት የተቀመጠ አንድ ሰው ጉልበቱን እየመታ ይስቅ ነበር። ከዚያ አማችየው የሴት ልጁን ጸጉር ሠራ፤ የወፍ ጎጆ አስመሰለው፣ ልጅቷ አለቀሰች፣ እጁን ደግሞ ልክ እንደ አባቴ በሱሪው ጠረገ። ሽንኩርትም አሳረረ። ሽንኩርቱ ከእኛ ቤት አልተወሰደም፤ እሱን ከሌሎች ፊልሞች ነው ያመጡት።

እሱ ሲንቦራጨቅ ከቆየ በኋላ አባቴ መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ አንዲት እጅ ውሃ ታፈስለታለች፤ ሳያያት ይታጠባል። “በዚህ ቤት ወንድ እኔ ነኝ” አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። የፉጨት ድምፅም ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ አማችየው ሰው ሆነ ተባለ፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሚስቱ እየሳቀች አስታጠበችው፣ አባቴም በሩ ጋ ቆሞ ጭንቅላቱን ነቅንቆ አጸደቀለት። ያ መነቅነቅ የተቀረጸው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ዳይሬክተሩ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ “ጋሼ፣ ምሳ ደረሰ?” ብሎ ሲጠይቀው ነው። አባቴ ወጡ ደርሷል ማለቱ ነበር።

ዞር ብዬ አባቴን አየሁት። ይነሳል፣ ይጮኻል፣ ቢያንስ አንገቱን ይደፋል ብዬ ነው። አባቴ ግን ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ስክሪኑን እያየ ፈገግ ብሏል። መብራቱ ሲበራ ሰዎች አወቁትና ከበቡት፤ አንዱ አቀፈው፣ ሌላው አብሮት ፎቶ ተነሳ። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ፣ ጎንበስ አለላቸው።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እናቴ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

“ያ የሳቁበት ልጅ አንተ አይደለህም እንዴ?”

አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ “ፊልም እኮ ነው” አላት።

አልገባውም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በማግስቱ ስልኩን አምጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። “ደውልለት” አልኩት። “ምን ልበለው?” “ዋሸኸን በለው። እንደርስዎ ዓይነት ብሎህ አልነበር?” ስልኩን ኪሱ ከተተና “ልጁ እንጀራው ነው፤ ምን ያድርግ?” አለኝ። ገብቶት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቡራዩ አበደች። የታክሲ ረዳቶች ገና ከሩቅ ሲያዩት “በዚህ ቤት ወንድ እኔ ነኝ!” እያሉ ከፊት ያስቀምጡታል። ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል። አንዳንዶቹ በኦሮምኛ “ዺራ ኬኛ” ይሉታል፤ የእኛ ወንድ ማለታቸው ነው። እንደ ተዋናይ ቢያዩት ግድ አልነበረኝም። እነሱ ግን ሰውየውን ነው ያመኑት። ቤቱ የእኛ ቤት፣ በሩ የእኛ በር፣ ወንበሩ የእኛ ወንበር ሆኖ እንዴት አያምኑ? ያንን ፎቅ የሠሩት ጎረቤታችን፣ ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ ኦቦ ብቻ የሚላቸው አዛውንት፣ አንድ ቀን ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

“አካም ጅርታ፣ ነጋዳ?” ብለው አባቴን በኦሮምኛ ሰላም አሉት። “ባልና ሚስት ተጣልተው ልናስታርቅ ነው። አንተም ቁጭ በል። ቤት እንዴት እንደሚያዝ ታውቃለህ፤ አይተናል።”

“ኧረ ኦቦ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ማን ነኝ?”

“አይተናል አልኩህ እኮ።”

ያዩት ሲኒማ ነው። ከበረንዳቸው ሆነው ለዓመታት ገመዳችንን ሲያዩ የኖሩት ሰውዬ ያመኑት ስክሪኑን ነው። አባቴም ሄደ። ደጋግሞም ሄደ። የሰው ትዳር መሃል ተቀምጦ ፊልሙ ላይ የነበረውን ሰውዬ እየሆነ ይፈርድ ጀመር። ሴትየዋን ዝቅ በይ፣ ባልየውን ኮስተር በል እያለ እንደሚመክር ኋላ ከሰው ሰማሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ልብሱ ከጠዋት ጀምሮ ተዘፍዝፏል። አባቴ ግን በሩን አልቀረቀረም፤ እንዲያውም ወለል አድርጎ ከፈተውና ያንን ወንበር አውጥቶ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ተቀመጠ። ሚዶውንና ቅባቱን ይዤ አጠገቡ ቆምኩ።

“እናትሽ ትሥራሽ” አለኝ።

“እማዬ አትችልም። ታውቃለህ።”

“እንግዲያ ጸጉር ቤት ሂጂ። ትልቅ ልጅ ሆነሻል።”

ሲናገር አላየኝም። እኔ ደግሞ ሳያየኝ እንዲናገር ሲያለማምዱት አጠገቡ ሆኜ ውሃ ሳፈስ የነበርኩ ነኝ።

እናቴ አመሻሽ ላይ ስትመጣ ሳፋው እንደነበረ ነው። አየችው፣ አባቴን አየችው፣ ቦርሳዋን ለእኔ ሰጠችኝና ጎንበስ ብላ ማጠብ ጀመረች። ስትጨርስ እጇን እያራገፈች እፊቱ ቆመች።

“እኔ ያገባሁት በር ዘግቶ የሚያጥበውን ሰውዬ ነው። የት ሄደ?”

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ስሚኝ እስቲ። ድሮ ቢያዩኝ ቢበዛ ይስቁብኛል። አሁን ግን ቢያዩኝ ውሸታም ነው የምባለው። ሰው አምኖኛል።”

“እኛስ?”

ከመንገድ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሰላም አለው፤ ከወንበሩ ብድግ ብሎ መለሰ። የዚያን ቀን የተፈታው ጸጉሬ በእሱ እጅ ዳግመኛ አልተሠራም። እናቴ የሆስፒታሉን አጥባ የቤቱን ማጠብ ጀመረች፤ ጡረታ እስክትወጣም እንዲሁ ኖረች። እጇ አሁን ክረምት ሲገባ ይሰነጣጠቃል።

ዳይሬክተሩን በኋላ ቴሌቪዥን ላይ አየሁት። ፊልሞችህ ውስጥ ወንዱ ለምን እንዲህ ሆነ ብለው ሲጠይቁት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከሰማ በኋላ “እኔ የማሳየው ማኅበረሰቡን እንዳለ ነው” አለ። ማኅበረሰቡ እንዳለ ምን እንደሚመስል ግቢያችን ገብቶ አይቶታል፤ ሽሮውን በልቷል። በዚያ ሰውዬ ላይ ያለኝን ቂም ይዤው እሞታለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ አሁን ግን እየቀለለኝ ነው። እሱ የማላውቀው ሰው ነው። የማውቀው፣ ትንፋሹን አናቴ ላይ የሚለቅ የነበረው፣ ማን እንደሆነ እያወቀ ሌላውን ሰውዬ መረጠብን። ይሄኛው አልቀለለኝም።

አግብቼ ዓለም ገና ነው የምኖረው። ባሌ ጓዳ ይገባል፣ በር አይዘጋም፤ ሽንኩርት ግን ያሳርራል። ሁለታችንም ሹሩባ ስለማንችል የልጃችንን ጸጉር በላስቲክ አስረን እንለቃታለን። ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ አለ። አንዳንዴ ከፍቼ የራሴን እጅ አየዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ቡራዩ ሄድኩ። አባቴ አርጅቷል፤ ብየዳውን ትቷል፤ ወንበሩን ግን አልተወም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቴ ልብስ ታሰጣለች። እኔ ከእሷ ጋር የልብስ መቆንጠጫ እያቀበልኩ ሳወራ ልጄ ላስቲኳን ፈትታ፣ ሚዶ ከቦርሳዬ አውጥታ ወደ አባቴ ሄደች። ማንም ያላት ነገር የለም። ዝም ብላ ከጉልበቶቹ መሃል ገብታ ቁጭ አለች።

አባቴ ሚዶውን ተቀበላት። ጥቂት አገላበጠው። ከዚያ መስመር አወጣ። እናቴ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቀረች። ጣቶቹ አልረሱም፤ አንዷን ሹሩባ ጨርሶ ሁለተኛዋን ያዘ፣ ትንፋሹን ይዞ ጨረሳትና ልጄ አናት ላይ ለቀቀው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ሄጄ በሩን ልዝጋለት አሰብኩ፤ እግሬም ተንቀሳቅሶ ነበር።

በመንገዱ የሚያልፍ አንድ ጎልማሳ ቆም አለና “ጋሼ! በዚህ ቤት ወንዱ ማነው?” አለ እየሳቀ።

አባቴ እጁን ከልጄ ራስ ላይ አነሳ። ልክ ድሮ በር ሊከፍት ሲነሳ እንደሚያደርገው በሱሪው ጠረገው።

“እኔ ነኛ!” አለው፣ እሱም እየሳቀ። ሰውየው ካለፈ በኋላ ልጄን ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። “በይ ተነሺ፤ ውሃ አምጪልኝና ልታጠብ።”

ልጄ ጆጉን በሁለት እጇ ታቅፋ መጣች። አፈሰሰችለት። ታጠበና እጁን አራገፈ። ተባረኪ ይላት እንደሆነ ጠበቅሁ። አላላትም።

ስንመለስ ከአየር ጤና በተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከጆሮዋ በላይ ሁለት ቀጭን ሹሩባዎች ቀጥ ብለው ወርደዋል፤ ሌላው ጸጉሯ እንደተበተነ ነው።

“አባባ ለምን አልጨረሰኝም?”

“ሰው መጣበት።”

“አንቺ ጨርሺልኛ።”

“አልችልም” አልኳት። “አስተምርሻለሁ ብሎኝ ነበር።”

ይህ መልስ ይሆናት አይሆናት አላውቅም፤ ሌላ አልጠየቀችኝም። ዓለም ገና እስክንደርስ ሁለቱ ሹሩባዎች እንዳይፈቱባት በእጇ ጨብጣ ይዛቸው ሄደች።